ሁለት ቋንቋ፣ አንድ መዝገብ

(የሒሳብ መዝገብ ንዑስ ኮሚቴ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ እንድንናገር የተመደብነው ስለ ኮምፒውተር ነው። ርእሱ ሲሰማ ራስ የሚያዞር ይመስላል፤ «ይህ ለልጆቹ ነው» ብላችሁ ወደ ቡናው ፊታችሁን ብታዞሩ አንፈርድባችሁም። ነገር ግን የምንናገረው በየወሩ ከጉሮሯችሁ ነጥቃችሁ ስለምታስቀምጡት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡን።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ወርኃዊ መዋጮ ያላሟሉ አባላት ስም ዝርዝር ተነብቦ ነበር። ከስሞቹ መካከል የአንዲት ነፍሰ ጡር እህታችን ስም ነበረበት። እህታችን መዋጮዋን ከፍላለች። እንዲያውም ልወልድ ነው፣ አልጋ ላይ ሆኜ ወር እንዳያልፍብኝ ብላ የሁለት ወር መዋጮ አንድ ላይ፣ 1000 ብር ከፍላለች። ስሟ ሲነበብ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ደግሞም ተራዋ ደርሶ የነበረው ብድር «መዋጮ ያላጓደለች» የሚለውን መስፈርት አታሟላም ተብሎ አንድ ወር ተላለፈ። ብድሩ ከወለደች በኋላ ቤቷ ሆና እንጀራ ጋግራ እንድትሸጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትገዛበት ነበር።

ደብተሯንና ደረሰኟን ይዛ ስትመጣ መዝገቡን ከፈትነው። መዝገቡ ላይ 1000 ብር በትክክል ተጽፏል። የተሳሳተው ከመዝገቡ የወጣው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ያወጣው ፕሮግራም ደግሞ እኛ የጻፍነው ነው። በወቅቱ ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬ የመጣነው ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረና ምን እንዳስተካከልን ልንነግራችሁ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረ ይቅርታ ግማሽ ይቅርታ ነውና።

እንደምታስታውሱት መዝገባችን መጀመሪያ ባለ መስመር ደብተር ነበር፤ ቀጥሎ ኤክሴል ሆነ። አባላት ሲበዙ ከእኛ አንዷ በመሥሪያ ቤቷ የምትሠራበትን ሲ ሻርፕ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተጠቅማ ዋናውን የመዝገብ ፕሮግራም ሠራችልን። ሲ ሻርፕ የሚሠራው ዶት ኔት በሚባለው የማይክሮሶፍት መድረክ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ችግር ነበረው፤ ከእርሷ በቀር የሚነካው ሰው አልነበረም። አንዲት አዲስ ሪፖርት በተፈለገች ቁጥር ከሥራ ወጥታ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ በሌሊት የምትሠራው እርሷ ነበረች። የራስ አገዝ ማኅበር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከተንጠለጠለ ራስ አገዝ መባሉ ይቀራል።

ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው ትምህርት ሲጀመር ሌሎቻችን ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ተማርን። ፓይተን ለጀማሪ የሚቀል ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ያልከፈሉ»፣ «የተበደሩ»፣ «የመለሱ» የሚሉትን ዝርዝሮች ራሳችን ማውጣት ጀመርን። በሲ ሻርፕ ብዙ መስመር የሚፈጀው አሥራ አምስት በማይሞሉ መስመሮች ያልቃል። ደስታችን ልክ አልነበረውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

የሁለቱን ቋንቋዎች ልዩነት በጓዳችን እናስረዳ። የቅመም ጣሳዎች ተደርድረዋል እንበል። በሲ ሻርፕ ጓዳ በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ ምልክት ተለጥፏል። «በርበሬ» የተባለው ጣሳ በርበሬ ብቻ ይቀበላል። ሽሮ ልትገለብጡበት ብትሞክሩ ገና እሳት ሳይነድ፣ ድስት ሳይጣድ «አይሆንም» ትባላላችሁ። ይህን የሚለው ኮምፓይለር የሚባለው መርማሪ ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከላይ እስከ ታች ያነበዋል።

በፓይተን ጓዳ ግን ጣሳው ላይ ምልክት የለም። ዛሬ በርበሬ፣ ነገ ሽሮ ብታደርጉበት ጣሳው አይከለክልም። ይህ ማለት ፓይተን በርበሬና ሽሮ አይለይም ማለት አይደለም። ምልክቱ ያለው በጣሳው ላይ ሳይሆን በውስጡ ባለው ነገር ላይ ስለሆነ የሚለየው ክዳኑ ተከፍቶ ወጡ ውስጥ ሊጨመር ሲል ነው። ወጡ ካልተሠራ፣ ያ መስመር ተራው ካልደረሰ፣ ስሕተቱ ተደብቆ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመለስ። የሲ ሻርፑ ፕሮግራም የወሩን ክፍያ በአንድ ፋይል ጽፎ ያወጣል፤ የፓይተኑ ፕሮግራም ያንን ፋይል ያነባል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ፊደላትና አኃዞች ናቸው። በመዝገቡ ውስጥ «ገንዘብ» የሚል ምልክት የነበረው 1000 ወደ ፋይሉ ሲገባ ምልክቱ ተላጠ። ፓይተን ሲያነበው ያገኘው ቁጥር ሳይሆን «1»፣ «0»፣ «0»፣ «0» የሚሉ አራት ምልክቶችን ነው። ዝቅተኛውን መዋጮ 500 ብርም ያነበብነው ከፋይል ስለነበር እርሱም ጽሑፍ ነበር።

ኮምፒውተር ሁለት ጽሑፎችን ሲያወዳድር የሚሠራው እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ መጀመሪያ የፊተኛውን ምልክት ያያል። «1» ከ«5» ይቀድማል። ስለዚህ 1000 ከ500 ያንሳል ብሎ ፈረደ! እህታችን እጥፍ ስለከፈለች ያልከፈለች ሆነች።

ለምን ቀደም ብሎ አልታየም? ሁላችንም በየወሩ የምንከፍለው 500፣ 600፣ 700 ስለነበረ ነው። ሁሉም ባለ ሦስት አኃዝ ሲሆን የመዝገበ ቃላቱ አሠራርና የሒሳቡ አሠራር አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ባለ አራት አኃዝ የከፈለች የመጀመሪያዋ እህት እስክትመጣ ድረስ ስሕተቱ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ይጠብቅ ነበር። በሌላ በኩልም አስቡት፤ አንዲት እህት 60 ብር ብቻ ብትከፍል «6» ከ«5» ስለሚበልጥ አሟልታለች ትባል ነበር። አንዷ ያለ ጥፋቷ ትወቀሳለች፣ ሌላዋ ሳትከፍል ትታለፋለች።

ይህ ሲታወቅ በንዑስ ኮሚቴው መካከል ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን «ፓይተኑን እንጣለው፤ ሲ ሻርፕ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር» አልን። እውነት ነው፤ ሁለት ጽሑፎችን «ያንሳል» በሚለው ምልክት ማወዳደር ሲ ሻርፕ አይፈቅድም፤ ኮምፓይለሩ ገና በመጀመሪያው ይመልሰዋል። ሌሎቻችን ግን አንድ ነገር ሞከርን። «500» የሚል ጽሑፍና 200 የሚል ቁጥር እንዲደምሩ ሁለቱንም ቋንቋዎች ጠየቅን። ፓይተን «ጽሑፍና ቁጥር አይደመርም» ብሎ ሥራውን አቆመ። ጥብቁ ሲ ሻርፕ ግን ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ለውጦ፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «500200» ብሎ መለሰልን።

በዚህ ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። አንዱ የሚያሳልፈውን ሌላው ይይዛል፤ ያኛው የሚይዘውን ይህኛው ያሳልፋል። የጥፋቱ ምንጭ አንዱ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ ሁለቱ የሚገናኙበት በር መሆኑ ገባን። ሁለቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው ደኅና ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ላይ ግን ጠባቂ አላቆምንም።

ሁለቱን ቋንቋዎች ለማገናኘት ምን መንገድ አለ ብለን ስንጠይቅ ሦስት አገኘን።

አንደኛው እኛ የያዝነው ነው። ሁለቱ በየቤታቸው ሆነው በፋይል ይላላካሉ። ቀላል ነው፤ ግን እንዳያችሁት ዕቃው በመንገድ ላይ ምልክቱ ይላጣል።

ሁለተኛው ፓይተን ዶት ኔት የሚባል ድልድይ ነው። ተራው ፓይተን በድልድዩ ተሻግሮ በሲ ሻርፕ የተሠራውን ሥራ በቀጥታ ይጠራል። ሁለቱም ቤቶች ሙሉ ሆነው ይቆያሉ፤ ግን ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተስማምተው መጫን አለባቸው።

ሦስተኛው አይረንፓይተን ነው። ይህ በዶት ኔት ቤት ውስጥ የተወለደ ፓይተን ነው። ታሪኩ ስለሚያስደስት ባጭሩ እንንገራችሁ። ጂም ሁጉኒን የሚባል ሰው ቀደም ሲል ፓይተንን ከጃቫ ጋር ያገናኘውን ጃይተንን ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ላይ ዶት ኔት እንደ ፓይተን ላሉ ቋንቋዎች እንደማይመች ሊያሳይ ተነሣ። ለማስረጃ ብሎ ሲሞክረው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘው፤ ይመቻል። እርሱም ወደ ማይክሮሶፍት ገባና አይረንፓይተን 1.0 እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክሮሶፍት ሥራውን ለበጎ ፈቃደኞች አስረከበ። በጎ ፈቃደኞቹ አልተዉትም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አይረንፓይተን 3.4ን አወጡ። ስሙ እንደሚያሳየው የሚከተለው ፓይተን 3.4ን ነው፤ ያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። ስለዚህ ከተራው ፓይተን ወደኋላ የቀረ ነው፤ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ የታወቁ የፓይተን መሣሪያዎችም እንዳሉ አይሠሩበትም። ይህን አውቆ መጠቀም ነው።

ደግሞ የገረመን ነገር አለ። ሲ ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው አራተኛው እትሙ «ዳይናሚክ» የሚል ቃል ጨመረ፤ በዚህ ቃል የተጠራ ነገር ምርመራው እስኪሠራ ድረስ ይቆይለታል። ፓይተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 3.5 እትሙ በጣሳው ላይ ምልክት መጻፍን በይፋ ሥርዓት አበጀለት። ጥብቁ ትንሽ ላላ፣ ልሉ ትንሽ ጠበቀ። እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩ ሲኖሩ ተመሳሰሉ ማለት ነው።

ከሦስቱ መንገዶች ምን መረጥን? ጥያቄውን ወደ ሥራችን መለስነው። በማኅበራችን ፈጽሞ እንዲዛነፍ የማንፈልገው ምንድን ነው? ማን መቼ ስንት እንዳስቀመጠች ነው። በየዓመቱ የሚለዋወጠውስ? የብድር ደንቡ ነው። ስንት ወር የቆጠበች ትበደር? የቁጠባዋን ስንት እጥፍ? ስንት ዋስ ታምጣ? ይህን ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ ሲያሻሽለው ታያላችሁ።

ስለዚህ የማይዛነፈውን ለጥብቁ ሰጠን። መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ሲ ሻርፕ ብቻ ነው። የሚለዋወጠውን ለልሉ ሰጠን። የብድር ደንቡ በአጭር የፓይተን ፋይል ተጽፎ በአይረንፓይተን አማካይነት እዚያው ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል። ደንቡ ሲለወጥ ዋናውን ፕሮግራም ማፍረስና እንደገና መገንባት አያስፈልግም፤ ፋይሉን ከእኛ ማንኛችንም ከፍተን እናስተካክለዋለን። የአባሏ ቁጠባ ወደ ደንቡ የሚገባው ከነምልክቱ፣ ገንዘብ እንደሆነ ነው፤ በመካከል ወደ ጽሑፍ የሚቀየርበት ፋይል የለም። ደንቡ የሚመልሰው መልስ በዚያ «ዳይናሚክ» በተባለው በር ይመጣል፤ በሩ ላይ ደግሞ ጠባቂ አቁመናል። መልሱ ገንዘብ ካልሆነ፣ ወይም ጉባኤው ከወሰነው ጣሪያ ካለፈ አይገባም።

ወርኃዊ ዝርዝሮቹ ግን እንደ በፊቱ በፋይልና በተራው ፓይተን ቀጥለዋል፤ ቅዳሜ የሚማሩት እህቶች የሚለማመዱት በእርሱ ነውና። ያም ቢሆን አምስት ነገር ደንግገናል።

አንደኛ፣ የፓይተኑ ፕሮግራም ያነባል እንጂ መዝገቡ ላይ አይጽፍም። ቢሳሳት ዝርዝር ይበላሻል እንጂ የማንም ገንዘብ አይነካም።

ሁለተኛ፣ ከፋይሉ የተነበበ ነገር ሁሉ ገና በሩ ላይ ምልክቱ ይለጠፍበታል። ገንዘብ የሆነው ወደ ገንዘብ፣ ቀን የሆነው ወደ ቀን ይለወጣል። አልለወጥም ያለ ካለ ፕሮግራሙ ቆሞ «በዚህ መስመር ላይ ችግር አለ» ይላል። ዝም ብሎ ከሚያልፍ ጮኾ የሚቆም ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ለገንዘብ የአሥርዮሽ ቁጥር ብቻ እንጠቀማለን። ተራውን ነጥብ ያለው ቁጥር ብንጠቀም 0.1 እና 0.2 ሲደመር 0.30000000000000004 ይመጣል። ይህ በሁለቱም ቋንቋዎች ያለ ነው። ሁለቱም ለገንዘብ የሚሆን «ዴሲማል» የሚባል ሌላ ዓይነት ስላላቸው እርሱን እንይዛለን።

አራተኛ፣ በፓይተን ጣሳዎች ላይ ምልክት እንጽፋለን፤ ማይፓይ የሚባለው መርማሪም ከሥራ በፊት ያነበዋል። ልብ በሉ፤ ፓይተን ራሱ ሲሠራ ይህን ምልክት አያስከብርም። ምልክቱ የሚጠቅመው መርማሪውን ካስነሣን ብቻ ነው። መርማሪውን ሳያስነሡ ምልክት መጻፍ በር ላይ «ውሻ አለ» ብሎ ለጥፎ ውሻ አለማሳደር ነው።

አምስተኛ፣ ለሙከራ የሚሆኑ የሌሉ አባላት ፈጥረናል። አንዷ 60 ብር ትከፍላለች፣ አንዷ 1000፣ አንዷ ምንም አትከፍልም፣ አንዷ ደግሞ በጳጉሜን 6 ትከፍላለች። ፕሮግራሙ በተነካ ቁጥር በመጀመሪያ የእነዚህን ሒሳብ ይሠራል፤ እነርሱን ከሳተ ወደ እናንተ አይደርስም።

ጳጉሜን 6ን ለምን እንደጨመርን እንንገራችሁ። የእኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር አለው። ዶት ኔት የዕብራውያን፣ የፋርስ፣ የሂጅራና የታይላንድ የዘመን አቆጣጠር ተሠርቶለታል፤ የእኛ ግን የለበትም። ፓይተንም አብሮት በሚመጣው የቀን ሥርዓት የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ለሁለቱም «አሥራ ሦስተኛ ወር» ብትሏቸው ስሕተት ነው ይላሉ። ስለዚህ ቀኑን የሚለውጠውን ስሌት ራሳችን መጻፍ ነበረብን። ጥፋታችን ግን ሁለት ጊዜ መጻፋችን ነበር፤ አንድ ጊዜ በሲ ሻርፕ፣ አንድ ጊዜ በፓይተን። የፓይተኑ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ያስብ ነበር። 2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበረ የ2016 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው። በጳጉሜን 6 የተከፈለ ሁሉ ወደ አዲሱ ዓመት ተሻግሮ ተቆጠረ፤ የዓመቱ መዝጊያ ሒሳብም በሁለቱ ፕሮግራሞች ሳይገጥም ቀረ። አሁን ስሌቱ ያለው በአንድ ቦታ፣ በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ወደ ፋይሉ ሁለቱም ቀን፣ የእኛውም የፈረንጁም፣ ተጽፎ ይወጣል፤ ፓይተን አያሰላም፣ ያነባል። ሁለት ቋንቋ መያዝ ይቻላል፤ አንድን እውነት በሁለት ቦታ መያዝ ግን ጠብ መጥራት ነው።

እህቶቻችን፣ ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በኮምፒውተር አይጻፍም። ያን ቀን ዝርዝሩን ከማንበባችን በፊት አንዳችን እንኳ የእህታችንን ደብተር ገልጠን ብናይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ያመንነው የታተመውን ወረቀት ነው፤ ከማሽን የወጣ ነገር ስለሆነ ብቻ አመንነው። እጥፍ ልክፈል ብላ የተጨነቀች፣ ለዓመታት አንድ ቀን ያላጓደለች ሴት መሆኗን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የምናውቀውን ትተን ያላወቅነውን አመንን። ስለዚህ ስድስተኛው ደንባችን ይህ ነው፤ ደብተሯ ሳይታይ፣ እርሷም ሳትጠየቅ የማንም እህት ስም በጉባኤ አይነበብም።

ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። በየሦስት ወሩ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑና ከመዝገቡ ጋር እናመሳክር። አልስማማ ካለ «ኮምፒውተሩ ነው የሚያውቀው» ብላችሁ አትመለሱ፤ ተከራከሩን። ከዚያም ልጆቻችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁን ወደ ቅዳሜው ትምህርት አምጡ። ፓይተኑን ያልጣልነው ለዚህ ነው። ጥብቁን ቋንቋ ብቻ ብንይዝ መዝገቡ በአንዲት እህት እጅ ብቻ ይቀር ነበር፤ ልሉን ብቻ ብንይዝ ደግሞ ሁላችንም ነክተነው ማንም የማይጠብቀው ይሆን ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። መዝገባችንም እንደዚያ እንዲሆን ነው የምንፈልገው።

ያቺ እህታችን በሰላም ተገላግላለች። ብድሯንም ወስዳ ምጣዱን ገዝታለች፤ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ የምንቆርሰው እንጀራ የእርሷ ነው። ስሟን በዚህ መድረክ ላይ በስሕተት አንብበን ነበርና፣ እርሷ ፈቅዳልን ታሪኳን በዚሁ መድረክ ላይ አስተካክለን ተናግረናል።